ከሰል በሚነድበት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ፦ ከሰኔ እስከ ፋሲካ የተጠቀምኩበት

ቤቱ ውስጥ ከሰል የሚያነድ ሰው ሁሉ ይህን ዕቃ ቢገዛ ደስ ይለኛል። እኛ ባለፈው ሰኔ ነው ሳሎን የሰቀልነው፤ ክረምቱን፣ የመስከረምን በዓላት፣ ገናንና ፋሲካን አብሮን አሳልፏል። መዳፍ የሚያህል ነጭ ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ትንሽ ስክሪን፣ የመሞከሪያ ቁልፍና ሦስት መብራቶች አሉት። ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ስለሆነ ሶኬት አይፈልግም። ያመጣችልን እንግሊዝ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የጋዝ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ሁሉ አከራዩ ይህን ማንቂያ የመግጠም ግዴታ ስላለበት ዕቃው በየሱቁ ይገኛል። የሠሪውን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ጀርባው ላይ ኢኤን 50291 የሚለው የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር መኖሩን ማየት ነው ዋናው።

ያስመጣነው ለእናቴ ብለን ነው። ቡታጋዝ ላይ የፈላ ቡና ለእሷ ቡና አይደለም፤ ከሰል፣ ጀበና፣ እጣን መኖር አለበት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ሳሎኑ ጠባብ፣ መስኮቱ አንድ ነው። በየክረምቱ ደግሞ «በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ» የሚል ዜና ሳንሰማ አናልፍም። ጭስ ቢሆን ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰው ሸሽቶት ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይቀራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከመነሻው ኦክስጅኑ ሳሳ ያለ ነው፤ ይህ ጋዝ ሲጨመርበት ይብሳል።

የዕቃው ጥቅም ቁልጭ ብሎ የታየኝ ሐምሌ ውስጥ አንድ ማታ ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መስኮቱ ዝግ ነው። እናቴ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥላ፣ ጭሱ እስኪያልቅ አራግባ፣ ፍሙ ጥርት ብሎ ሲቀላ ነው ወደ ሳሎን ያስገባችው። ጀበናው ገና ሳይፈላ ስክሪኑ 38 አለ። አቦሉ ሲቀዳ 74 ደረሰ። ቁጥሩ ከሚሊዮን የአየር እጅ ስንቱ ይህ ጋዝ እንደሆነ የሚያሳይ ነው፤ ፒፒኤም ይሉታል። ቤት ውስጥ አንዲት ቅንጣት ጭስ አይታይም። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን «ኧረ ፍም ሆኗል እኮ ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ያደርጋል?» አሉ። ብዙዎቻችን ያደግነው ይህንኑ እየሰማን ነው፤ ቁጥሩ ግን እየጨመረ ሄደ። ከሰሉን አውጥተን በሩንና መስኮቱን ስንከፍተው ስኒው ታጥቦ ሳያልቅ ወደ ዜሮ ተመለሰ።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ፍሙ ሥር አየር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያ ጋዝ በጋለው ከሰል መሀል ወደ ላይ ሲያልፍ ከሰሉ ኦክስጅኑን ይቀማውና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ፍሙ አናት ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል የሚፈጥራት ናት። ሳይቃጠል ያመለጠው ወደ ቤቱ ይገባል። ከሰሉ አመድ ለብሶ፣ አየር አጥሮት ቀስ እያለ ሲከስም ደግሞ የሚያመልጠው ይበዛል፤ ሰዎች «በርዷል» ብለው ክፍል ውስጥ አስቀምጠውት የሚተኙት እንዲህ ያለውን ነው።

የዚያን ማታ ማንቂያው አልጮኸም። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ የተሠራው እንደዚያ እንዲሆን ነው። በደረጃው መሠረት 50 ፒፒኤም ላይ የሚጮኸው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ሲቆይ፣ 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ፣ 300 ላይ ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ ነው። መርዙ ደም ውስጥ የሚጠራቀመው በጊዜ ስለሆነ ስሌቱ ልክ ነው። ለዚህ ነው ስክሪን ያለውን ግዙ የምለው። ስክሪን የሌለው ዕቃ ያን ማታ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ እያደረገ ዝም ይል ነበር፣ እኛም ሦስተኛውን እንጠጣ ነበር።

ጩኸቱን በደንብ የሰማነው የፋሲካ ዋዜማ ነው። የዶሮው ወጥ ትልቁ ማንደጃ ላይ በረንዳ ተጥዶ፣ ለመግባት ለመውጣት እንዲመች በሩ ክፍት ነበር። ነፋሱ ወደ ውስጥ ሲዞር ሁላችንም ሽንኩርትና ቅቤ ላይ ስለነበርን ስክሪኑን ያየው የለም። ጩኸቱ ግን ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ቁጥሩ 118 ነበር። ልጆቹን ይዘን ወጣን፣ ማንደጃውን ወደ ግቢ አወረድነው፣ ወጡም እዚያው ተሠርቶ አለቀ። ከሰሉ ውጭ መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተማረን ያ ማታ ነው።

ውስጡ ያለው ሴንሰር ኤሌክትሮኬሚካል የሚባለው ነው። በደቃቅ ፕላቲነም የተለበጠ ኤሌክትሮድ ከአሲድ ጋር ታሽጓል። ጋዙ ፕላቲነሙ ላይ ሲደርስ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጥና ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ጋዙ በበዛ ቁጥር ኮረንቲው ይበዛል፣ ስክሪኑ ያንን በቁጥር ያሳያል። የአልኮል ተንና ሌላ ሌላ ጋዝ እንዳያሳስተው ከፊት ለፊቱ የሚጠብቀው ደግሞ አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም በልዩ መንገድ የተዘጋጀ ከሰል ነው። ከሰል የሚያወጣውን መርዝ የሚለካ መሣሪያ በከሰል መጠበቁ በጣም ነው የገረመኝ።

ሌላው ዓይነት ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈለሰፈው የቆርቆሮ ኦክሳይድ ሴንሰር ዝርያ ነው። ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ለመሥራት በኮረንቲ መጋል ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ሶኬት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፤ እኛ አገር ከሰል የሚበዛው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው። በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ።

ያልወደድኳቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስክሪኑ ከ30 በታች ያለውን ዜሮ አድርጎ ነው የሚያሳየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ ከ4 ሚሊግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይላል፤ ይህ ወደ 3.5 ፒፒኤም ነው። ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ ሕፃን ወይም የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ዜሮውን አይቶ መዘናጋት የለበትም። ሁለተኛ፣ የመሞከሪያ ቁልፉ ድምፁን፣ ባትሪውንና ኤሌክትሮኒክሱን ብቻ ነው የሚፈትሸው፤ ሴንሰሩ ጋዝ መለየቱን አያረጋግጥም። ሦስተኛውን ለማወቅ ጊዜ ወስዶብናል፤ ከሰል ባልነደደበት ቀን 40 ገደማ ያሳይ ጀመር። ለካ ለመብራት መጥፋት ያስቀመጥነው የኢንቨርተር ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቅ ኖሯል። ሴንሰሩ ሃይድሮጅንን ከካርቦን ሞኖክሳይድ አጥርቶ አይለይም። ባትሪውን በረንዳ ካወጣነው ወዲህ ቆሟል፤ ሃይድሮጅን ራሱ ተቀጣጣይ ስለሆነ መውጣቱ ለሌላም ጠቅሟል። የቡታጋዝ መፍሰስንም ይህ ዕቃ አያውቅም፤ ያ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የሚሰቀለውም ዝቅ ብሎ ወለሉ አጠገብ ነው።

«ከሚጮህ ይልቅ ጋዙን የሚይዝ የአየር ማጣሪያ አይሻልም?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። አክቲቬትድ ካርቦን ያለው ማጣሪያ የቀለምና የቤንዚን ሽታ ይይዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን እስከ 191 ዲግሪ ከዜሮ በታች ካልቀዘቀዘ ፈሳሽ የማይሆን ቀላል ጋዝ ስለሆነ ከሰሉ ላይ አይጣበቅም። የፊት ጭንብልም እንደዚሁ ነው። ሆፕካላይት የሚባል የማንጋኒዝና የመዳብ ኦክሳይድ ድብልቅ ጋዙን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ የማዕድን ቆፋሪዎች የማምለጫ ጭንብል ውስጥ ያለው እሱ ነው፣ እርጥበት ግን ያበላሸዋል። ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የወሰዱበት፣ ሞፍ የሚባለው ከብረትና ከኦርጋኒክ ሞለኪውል የተሠራ ባለ ቀዳዳ ቁስም አለ። ጥቂት ግራሙ ውስጥ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ገጽ አለ፤ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካዎች እንደ አርሲን ያሉ መርዛማ ጋዞችን በሲሊንደር የሚይዙበት ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ሁሉ ደስ የሚል እውቀት ነው፤ ለእኛ ሳሎን ግን መድኃኒቱ ከሰሉን ማውጣትና መስኮት መክፈት ነው።

የእኛን የሰቀልነው ሰው ሲቀመጥ አፍንጫው በሚደርስበት ከፍታ፣ ከማንደጃው ራቅ አድርገን ነው። ጋዙ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ጣሪያ ላይ መስቀል አያስፈልግም። መኝታ ቤት የሚሰቅል ትራስ በሚውልበት ከፍታ ያድርገው።

ሁለተኛውን አዝዣለሁ። የሚሰቀለው የግቢያችን ጥበቃዎች በሚያድሩባት ክፍል ነው፤ ሌሊት ብርዱ ሲጠና ከሰል አስገብተው በሩን ይዘጋሉ። የአክስቴን ልጅ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰርና ስክሪን ያለው፣ ባትሪው የታሸገ እንዲሆን ነግሬያታለሁ። ሴንሰሩ እንደየሥሪቱ ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ስለዚህ ከመክፈሏ በፊት ገልብጣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የመተኪያ ዓመት እንድታይም አደራ ብያታለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ብዙ የቆየ ዕቃ ዕድሜው እዚያው ያልቃል።