የሮሰንቪንገ የቀይ አልጌ መጽሐፍ ዛሬም ከማይክሮስኮፕ አጠገብ አይጠፋም

ዴንማርካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ላውሪትስ ኮልደሩፕ ሮሰንቪንገ (1858–1939) «የዴንማርክ የባሕር አልጌዎች» የተባለውን ሥራቸውን ከ1909 እስከ 1931 በአራት ክፍል አሳተሙት። ርዕሱ ሰፊ ቢመስልም አራቱም ክፍሎች ስለ ቀይ አልጌ ብቻ ናቸው። ቡናማና አረንጓዴውን ለመለየት ሌላ መጽሐፍ ያስፈልጋል።

ዋጋው ያለው የሕዋስ ሥዕሎቹ ላይ ነው። ፖሊሲፎኒያ የተባለውን ክር መሰል የቀይ አልጌ ወገን እንውሰድ። ዝርያውን ለማወቅ መሃለኛውን ሕዋስ የከበቡትን ሕዋሳት መቁጠር ግድ ነው፤ አንዳንዱ 4 ብቻ አለው፣ ሌላው ከ10 ይበልጣል። የደረቀ ናሙና መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፤ ሲለሰልስ በአዲስ ምላጭ አግድም፣ በጣም ስስ ተደርጎ ይቆረጥ። የዶለዶመ ምላጭ ሕዋሳቱን ስለሚጨፈልቅ ቆጠራው ይበላሻል። ከጫፉም አትቁረጡ፤ እዚያ ሕዋሳቱ ተከፋፍለው አላለቁም።

ድንጋይ ላይ የሚለጠፉት ኖራማ አልጌዎች ደግሞ ከመቆረጣቸው በፊት ኖራቸው በቀጭን አሲድ ይሟሟ። አሲዱ ከበረታ አረፋው ሕብረ ሕዋሱን ይበጣጥሰዋል። መፍላቱ እስኪቆም ጠብቃችሁ በውሃ እጠቡት።

የሚያስቸግረው ያረጁት ስሞች ናቸው። ፖሊሲፎኒያ ኒግሬሰንስ ዛሬ ቨርተብራታ ፉኮይዴስ ይባላል፤ ስለዚህ መለያ ወረቀት ላይ ከመጻፋችሁ በፊት አልጌቤዝ በተባለው የአልጌ ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ ላይ አመሳክሩ። መጠንን ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ፤ በዴንማርክና በስዊድን መካከል ካለው የካቴጋት ባሕር ወደ ባልቲክ ባሕር በተጠጋችሁ ቁጥር የውሃው ጨው ስለሚቀንስ ብዙዎቹ ዝርያዎች ይቀጭጫሉ።