ስለ እምነታቸው ለታሰሩ ሰዎች አቤቱታ ያዘጋጀንበት የሐዋሳ የትርጉም ቤት

በኤርትራ ስለ እምነታቸው የታሰሩ ሰዎችን የሚመለከት አቤቱታ ለተባበሩት መንግሥታት ለመላክ በማሰብ፣ ከጸሎት ማኅበራችን የተወከልን አራት ሰዎች በሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ የትርጉምና የጽሕፈት ቤት ሄድን። ረቂቃችን ኀዘን እንጂ ማስረጃ የሌለው መሆኑን ተርጓሚዋ በትሕትና ነገረችን።

ከዚያም የ1948ቱን (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18 አውጥታ፣ ሃይማኖትን የመለወጥ ነፃነት ጭምር በግልጽ እንደተጻፈ ካሳየችን በኋላ፣ ነገሩን ከነዓመቱ እንድናስቀምጥ መከረችን። ስለዚህ የኤርትራ መንግሥት በ2002 እ.ኤ.አ. ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራንና ከሱኒ እስልምና በቀር ሌሎችን መከልከሉን፣ ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች ከ1994 እስከ 2020 ድረስ መታሰራቸውን ጻፍን። የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ እንዳልተረፉ ለማሳየት፣ ከመንበራቸው ተነሥተው በቁም እስር የቆዩትንና በ2022 ያረፉትን የኤርትራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስን ጠቀስን። እኔ የፕሮቴስታንት አማኝ ብሆንም፣ ልቤን አብዝቶ የነካው የእኚህ አባት ጉዳይ ነው።

የትርጉሙ ጥራት እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ በሦስት ቀን ይደርሳል የተባለው ሥራ ግን ስምንት ቀን ፈጅቷል፣ በመጀመሪያው ኅትመትም የሁለት እስረኞች ስም ተሳስቶ ነበር። ለታሰረ ሰው ስሙ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ስም ከተርጓሚዋ ጋር ተቀምጣችሁ አመሳክሩ።