አዲስ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፍለጋ፦ ስፖቲፋይ ወይስ ባንድካምፕ?

ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ በራሳቸው የሚሠሩ ሙዚቀኞችን አዲስ ሥራ በሁለቱም መንገድ ስፈልግ ቆይቻለሁ። ልቤ ወደ አንዱ ያደላል።

የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያው ስፖቲፋይ ድካም ይቀንሳል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰኞ ሰኞ 30 ዘፈኖች መርጦ ያቀርባል፤ አርብ ደግሞ የምትከተሏቸው ሙዚቀኞች ያወጡትን ይሰበስባል። ምርጫው ግን በአብዛኛው ባለፈው የማዳመጥ ልማዳችሁ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ትናንት የወደዳችሁትን የሚመስል ነገር ይደጋገማል።

በ2008 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ባንድካምፕ ላይ ፈላጊው እናንተው ናችሁ። እኔን የማረከኝ እያንዳንዱ ገዢ የገዛቸው ሥራዎች ስብስብ ነው። አንድ አልበም ስትከፍቱ ከገዙት ሰዎች ብዙዎቹ ይታያሉ፤ የአንዱን ስብስብ ስትገልጡ ሌላ ያልሰማችሁት ሙዚቀኛ ይገኛል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ገዢ ትሻገራላችሁ። ከአንድ ዝግተኛ የአምቢየንት (ድባብ የሚፈጥር፣ ረጋ ያለ ሙዚቃ) አልበም ተነስቼ በዚህ መንገድ ፈጽሞ የማላስበው የቴክኖ (ተደጋጋሚ የዳንስ ምት ያለው ሙዚቃ) ሥራ ላይ ደርሻለሁ። እንዲያ ያለ ደስታ በማሽን ጥቆማ አግኝቼ አላውቅም! ትንንሽ አሳታሚዎችን መከተልም ይቻላል፤ በተለይ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የአሳታሚው ስም የጣዕም ምልክት ነው።

ክፍያውም ይለያያል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ በመደበኛነት 15 በመቶ ይወስዳል። ስፖቲፋይ ላይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያስገኝም፤ ይህ ለጀማሪ ሙዚቀኛ ከባድ ነው።

መንገድ ላይ ስሆን ስፖቲፋይን እከፍታለሁ። ጊዜ ሳገኝ ግን የማመራው ወደ ባንድካምፕ ነው።