ሁለተኛውን ሞተሬን ላተረፉልኝ የጅማ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ከአንድ ወጣት ረዳታቸው ጋር የሚሠሩ አንጋፋ መካኒክን በአደባባይ ለማመስገን፣ መኪናችሁ ውሃ እየጨረሰ ለተቸገራችሁም እንድታሳዩዋቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይለጠፍ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬአለሁ፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ግን አድራሻቸውን በደስታ እሰጣለሁ። እዚህ ላይ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ጥር ወር ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስመለስ ነው። የጊቤን ድልድይ ተሻግሬ ወደ አበልቲ የሚያወጣውን አቀበት እንደ ተያያዝኩት የኮሮላዬ የሙቀት ጌጅ ከወትሮው ቦታ አልፎ ወደ ቀዩ መስመር ወጣ። ዳር ይዤ የምቆምበት ቦታ እየፈለግሁ ሳለ ቀስቱ በራሱ ጊዜ ወረደ፤ እኔም «ተመስገን፣ በረደልኝ» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ መኪናዋ ጉልበት አጣች፤ ከሞተሩ መንኳኳት ተሰማ፤ ከዚያም ቀጥ ብላ ቆመች። ሞተሩ ነክሶ፣ ማለትም ከሙቀቱ የተነሣ ውስጡ ተጣብቆ ነበር። በጭነት መኪና ተጭና ጅማ ገባች፤ የተወሰደችበት ጋራዥም ሞተሩ እንደማይጠገን ነግሮኝ ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ገጠመልኝ። ለዚያ ሞተር የከፈልኩት የሁለት ዓመት ቁጠባዬን ነው።

ዘጠኝ ወር ሳይሞላ አዲሱ ሞተር ያንኑ ጠባይ ማሳየት ጀመረ። ለሥራ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ አጋሮ እመላለሳለሁ፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሼ ስመለስ የራዲያተሩ ውሃ መጠባበቂያ ዕቃ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሞተሩን የገጠመልኝን ጋራዥ ስጠይቅ «አሮጌ መኪና ውሃ ይጠጣል፣ ጨምሪበት» የሚል መልስ ብቻ ሰጠኝ፤ ስለዚህ አንድ ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ከኋላ ጭኜ መሄድ ልማዴ ሆነ። መኪናዋ ያደረችበትን መሬት በየማለዳው ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ አንድም የረጠበ ነገር የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአጋሮ ስመለስ ጌጁ እንደገና ሲወጣ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ያማከርኳቸው አንዱ ባለሙያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ መቀየር አለበት አሉኝ፤ ሌላው ደግሞ ሳትሞት ሽጫት አሉ። ወደ ጋሼ የመራኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ቁልፍ አላነሡም። በርጩማ አስቀርበውልኝ ስንት ሊትር፣ በየስንት ቀኑ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ እንደጋለ እያሉ ጠየቁኝ። ቀጥለውም «ሞተሩ ሲቀየር ራዲያተሩስ ተቀይሯል?» አሉ። አልተቀየረም። «ክዳኑስ?» እሱም ያው አሮጌው ነው። «እንግዲያው ልጄ፣ የመጀመሪያውን የገደለው ነገር አሁንም እዚያው ተቀምጧል። አብሽሪ፣ እንፈልገዋለን» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ገንዘቤን የተቀበለ ባለሙያ ሁሉ የተበላሸውን ዕቃ ሲለውጥ፣ ያበላሸው ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ የተደረገውን ቆሜ ስለተመለከትኩ በዝርዝር ልናገር። በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ላይ የብስክሌት መንፊያ የመሰለ፣ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ገጠሙ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ግፊት ሲሰጡት የጌጁ ቀስት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው እስኪሞቅ ጠበቁና አጥፍተው እንደገና ሲለኩት ቀስቱ በዝግታ መውረድ ጀመረ። ረዳታቸው ባትሪ አበራ፤ ጋሼ ጣቴን ይዘው የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚጋጠምበት መስመር ላይ አሳረፉት። ነጭ፣ ጠርዙ ወደ ዝገት ቀለም የሚያደላ ሸካራ ቅርፊት ነበር። ከቅርፊቱ ሥር ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ ጠብታ ብቅ አለች፣ በጋለው ብረት ላይ ጥቂት ወረደች፣ መሬት ሳትደርስም ተነነች። ለወራት ጎንበስ እያልኩ የፈለግሁት ፍሳሽ ይህ ነበር፤ የሚወጣው ሞተሩ ሲሞቅና ግፊት ሲፈጠር ብቻ ስለሆነ ማለዳ ማለዳ የማየው መሬት ደረቅ መሆኑ አያስደንቅም። ክዳኑንም በዚያው መሣሪያ ሲፈትኑት በላዩ ላይ ከተጻፈው ግፊት ግማሹን እንኳ ሳይዝ ለቀቀ።

ስለ ክዳኑ የነገሩኝን ለብቻው መግለጽ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ከፍታ ላይ ለሚነዳ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፍተው የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ግፊት የማይዝ ክዳንና ተራ ውሃ ይዞ አቀበት የሚወጣ ሞተር ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ክዳኑ ግፊቱን በደንብ ከያዘ ግን ያው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል፤ ግማሹ ኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ የተዘጋጀ ፈሳሽ) ሲሆን ደግሞ መፍያው ከዚያም ከፍ ይላል፣ ዝገትንም ይከላከላል። በዋጋ ትንሿ ዕቃ ይህን ያህል ሥራ ትሠራለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጊቤ ላይ ቀስቱ ለምን እንደወረደም የዚያኑ ቀን ገባኝ። ሙቀቱን የሚያነበው ሴንሰር መሥራት የሚችለው በውሃ ውስጥ ሲጠመቅ ነው፤ ውሃው አልቆ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ሲቀር ብረቱ እየነደደ እንኳ ጌጁ ሊወርድ ይችላል። እኔ በረደ ብዬ ያመሰገንኩበት ቅጽበት ሞተሩ ያለ ውሃ የቀረበት ቅጽበት ነበር። ያኔ ባጠፋው ኖሮ ሞተሩ ምናልባት ይተርፍ ነበር፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ጌጁ ከፍ ብሎ በድንገት ከወረደባችሁ፣ እባካችሁ ወዲያውኑ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑንም እስኪቀዘቅዝ አትንኩት፤ ግፊት ያለበት የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል።

ጋሼን ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን ባልሠሩት ሥራ ነው። ቴስታታው ይወርዳል የሚለውን ምክር ሰምቼ ገንዘቡን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ይከፈት ብዬም ለመንኳቸው። እሳቸው ግን በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ገጥመው የሚወጣውን አየር በፈሳሹ ውስጥ አሳለፉት። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ቢሆን ኖሮ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጥ ነበር፤ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። የዘይቱን መለኪያም አውጥተው ዘይቱ ወተት የመሰለ ነገር አለመቀላቀሉን አሳዩኝ፤ ውሃ ዘይት ውስጥ ከገባ ብሮንዚናውን፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት፣ እንደሚበላው ነገሩኝ። «ጤነኛ ቴስታታ አልከፍትም» አሉ። ያን ቀን የፈለጉትን ቢያስከፍሉኝ እከፍል ነበር።

የቀረው ሥራ ብዙ አላወያየንም። ራዲያተሩና ክዳኑ ከሶማሌ ተራ ተገዝተው መጡ፤ ቴርሞስታቱና የጠነከሩት ማኒኮቶዎችም (የውሃ ጎማ ቱቦዎች) ተቀየሩ፤ የውስጡ ዝገት ታጥቦ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ተሞላ። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት እንዲጨምሩ ጠይቄአቸው ነበር፤ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችም አብሮ ሊደፍን ይችላል ብለው አልተቀበሉኝም። በመጨረሻም አየሩ እስኪወጣ ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከሞተሩ አልተለዩም። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በካርቶን አድርገው መለሱልኝ፤ ለምርመራው ቀን ደግሞ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም።

እንድታውቁት ያህል፣ ጋሼ በአንድ ጊዜ ከአንድ መኪና በላይ ስለማይዙ ተራ መጠበቅ ግድ ነው፤ እኔም ስድስት ቀን ጠብቄአለሁ። የኤሌክትሪክ ሥራም አይሠሩም፣ ወደ ሌላ ባለሙያ ይልካሉ። ለቸኮለ ሰው ይህ ሊከብድ ይችላል፤ ለእኔ ግን የእያንዳንዱ ቀን ጥበቃ የሚገባው ነበር።

አሁን አራት ወር አልፏል። በመጠባበቂያው ዕቃ ላይ ረዳታቸው በማርከር ያሰመረልኝን መስመር ሞተሩ ሳይነሣ በየማለዳው አያለሁ፤ ኩላንቱ ከመስመሩ ዝቅ አላለም። ባለፈው ሳምንት በጊቤ በኩል አዲስ አበባ ደርሼ ተመለስኩ፤ በአበልቲ አቀበት ላይ ጌጁ ከመሐል አልተነቃነቀም። ጅማ እንደገባሁ ቤቴ ሳልደርስ በቀጥታ ጋራዡ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ጋሼም ኮፈኑን አስከፍተው ያንን መገጣጠሚያ በጣታቸው ዳሰሱትና «ደረቅ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።