የብርጭቆ ምሳ ዕቃ ለማይክሮዌቭ፦ ሳጥኑ ይመሰገናል፣ ክዳኑ ይነሣ

ባሕር ዳር ገበያ ገብታችሁ «ይህ ለማይክሮዌቭ ይሆናል?» ብትሉ መልሱ በየሱቁ አንድ ነው፦ «ይሆናል እንጂ፣ እታለም!» እኔ መልሱን የምፈልገው ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከዕቃው ቂጥ ነው። ሞገድ የሚመስሉ መስመሮች ወይም ለማይክሮዌቭ መሠራቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌለበት ወደ መደርደሪያው እመልሰዋለሁ። በሦስት ማዕዘኑ ቀስት ውስጥ ያለው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው፦ 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ሙቀት በመቻል ከብዙዎቹ ይሻላል፤ 1 የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት፣ 6 ደግሞ ፖሊስታይሪን በመሆናቸው ለማሞቂያ አይታሰቡም።

በመጨረሻ የወሰድሁት ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ሆኖ የሚሸጥ የብርጭቆ ምሳ ዕቃ ነው። ከሥሩ ቦሮሲሊኬት (ሙቀት የሚችል የብርጭቆ ዓይነት) የሚል ጽሑፍ አለው፤ የፕላስቲክ ክዳኑ በአራት ጎን ይቆለፋል፣ ዙሪያውን የሲሊኮን ጎማ ገብቶበታል። ዋጋው ከፕላስቲኩ ብዙ ይበልጣል፤ ሽሮና ቀይ ወጥ ለሚያመላልስ ሰው ግን ይገባዋል እላለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ዘይት እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። ወጡ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት ከውኃው አልፎ ይግላል፤ ፕላስቲክ ሲሆን የነካውን መስመር ያሻክረዋል፣ በርበሬውም እዚያው ሰርጎ ይቀራል። ብርጭቆው ላይ ግን ዛሬ ቀይ ወጥ ሞቆበት ነገ እርጎ ብታደርጉበት ቀለምም ሽታም የለም።

ቅሬታዬ ክዳኑ ላይ ነው። ተቆልፎ ከሞቀ እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ መነሣት አለበት፤ እኔ በምትኩ ተራ ነጭ የፖርሴሊን ሰሃን እደፋበታለሁ። ጎማው ደግሞ ጠላቴ ሆኗል። የዓሣ ጉላሽ ከያዘ በኋላ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቃችሁ ካላወጣችሁትና ከሥሩ ያለውን ቦይ ካላጠባችሁት ሽታው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አብሯችሁ ቢሮ ይገባል። ክብደቱንም ብስክሌት የሚነዳ ሰው ያስብበት። ጠንካራ ነው ተብሎም ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይሞቅ፣ ትኩሱን እርጥብ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥም ሊያሰነጥቀው ይችላል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሰሃን እያለ ምን አስወጣሽ?» ይሉኛል። የትኛው ሰሃን? ባለ ወርቅ ጠርዝ ሲኒና ሰሃን ጠርዙ ብረት ስለሆነ ብልጭታ ይተፋል። ኢናሜሉም ከቀለሙ ሥር ቆርቆሮ ነው። ያልተለበጠ ሸክላ ውኃ ስለሚመጥ ራሱ ግሎ እጅ ያቃጥላል። ከሁሉ የሚያታልለው ሜላሚን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ፖርሴሊን ይመስላል፣ ሲወድቅም አይሰበርም፣ ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ምግብ እንዳይሞቅበት ይመክራል። ምልክት የሌለው፣ ብረትም ፕላስቲክም ያልሆነ ሰሃን ካላችሁ ባዶውን፣ ከጎኑ አንድ ኩባያ ውኃ አድርጋችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ ለ1 ደቂቃ አሙቁት። ውኃው ሞቆ ሰሃኑ ሳይግል ከቀረ ደግ ነው፤ ሰሃኑ ከጋለ ለእንጀራ ማቅረቢያ ይሁን።

ከሦስቱ የምመክረው ትንሹንና መካከለኛውን ነው። ትልቁ በመሥሪያ ቤታችን ማይክሮዌቭ ውስጥ ማዕዘኑ ግድግዳውን እየነካ የሚሽከረከረውን ሰሃን ያቆመዋል፤ አንዱ ጎን ሲንተከተክ ሌላው በረዶ ሆኖ ይወጣል። ሻጮቹ ነጣጥለው መሸጥ አይወዱም፣ ቢሆንም ተከራከሯቸው።