ካሬ ዘንግ ወይስ ባለ ቧንቧ ዘንግ? ለድሬና ለደንገጎ የሚበረክት የማውንቴን ሳይክል ክራንክ

ክራንክ፣ ማለትም ፔዳሎቹ የሚታሰሩባቸውን ሁለት ክንዶች ከነፊት ማርሻቸው፣ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ጠንካራ ነው?» ብሎ ነው። ክንዱማ ጠንካራ ነው፤ ለሁለት ተሰብሮ የሚጣል ክንድ ጥቂት ነው። የሚያልቀው ሌላው ነው። ክንዱ ዘንጉ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል፣ ኩሽኔታው አቧራ ጠጥቶ መጮኽ ይጀምራል፣ የፊት ማርሹ ጥርስ ይሾላል፣ ፔዳሉ የሚታሰርበት የብሎን ጥርስ ይበላል። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው «ያለቀውን ነጥዬ፣ እሱን ብቻ እዚሁ ድሬ መቀየር እችላለሁ ወይ?» ተብሎ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ድሬ ሜዳ ብትሆንም ደረቅ ናት። የደቻቱ ወንዝ አሸዋና የመንገዱ ብናኝ ከሰንሰለት ዘይት ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ይበላል። ወደ ሐረር ለሚወጣ ደግሞ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት መግፋት አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከኮርቻው ተነስቶ በአንድ እግሩ ሲረግጥ፣ 17 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ክንድ ዘንጉን ወደ 117 ኒውተን ሜትር በሚጠጋ ኃይል ይጠመዝዘዋል። ያ ኃይል በየዙሩ ሁለቴ ይመላለሳል። የላላ ብሎን ካለ እዚያ ዳገት ላይ ይታወቃል።

ባለ ካሬ ዘንግ

ድፍን የብረት ዘንግ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ አራት ማዕዘን ሆነው ወደ ውጭ በ2 ዲግሪ ይቀጥናሉ። የአሉሚኒየሙ ክንድ እንደ ሽብልቅ እየተገፋ ይገባበታል፤ የሚገፋው ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ነው። ኩሽኔታው ከዘንጉ ጋር በአንድ የታሸገ ካርትሪጅ ውስጥ ሆኖ በፍሬሙ ቧንቧ መሃል ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከአቧራም ከውሃም የተሻለ ይጠበቃል። ሲያልቅ ካርትሪጁ ብቻ ወጥቶ በሌላ ይተካል፣ ክንዶቹና ማርሾቹ ይቀራሉ። የሺማኖ ቱርኒና አልተስን የመሰሉት ርካሽ ክራንኮች አብዛኛዎቹ በዚህ ዘንግ ይሠራሉ።

በሽታው አንድ ነው፤ በተለይ የግራው ክንድ ይላላል። ብሎኑ በደንብ ካልጠበቀ፣ ወይም መላላቱ እየተሰማ «ቤት ስደርስ አጠብቀዋለሁ» ከተባለ፣ ጠንካራው የብረት ካሬ ለስላሳውን አሉሚኒየም ከውስጥ ያከበዋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቢያጠብቁትም አይይዝም። በየሰፈሩ የሚደረገው፣ ከለስላሳ ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ መሃል መክተት፣ ከመንገድ ወደ ቤት ያደርሳል እንጂ ጥገና አይባልም፤ ክንዱ መቀየር አለበት።

መድኃኒቱ በትክክል ማጥበቅ ነው፤ የሚፈለገው ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው። የኃይል መለኪያ ቁልፍ የሌለው እንዲህ ይገምት፦ ከብሎኑ መሃል እስከ መዳፉ 20 ሳንቲሜትር በሚሆን እጀታ ላይ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሲያነሱ የሚሰማውን ያህል ቢጫኑ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህ በጣም አሳንሶ ያጠብቃል። ከመግጠም በፊት ካሬውንና ቀዳዳውን በጨርቅ ማጽዳት፣ የብሎኑን ጥርስ ግሪስ መቀባት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው 50 እና 100 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ አንድ ጊዜ ይፈተሽ። በየሳምንቱ ግን አይጠብቅ፤ ክንዱ ሽብልቅ ላይ እየወጣ ስለሚሄድ በመጨረሻ ይሰነጠቃል።

ለመፍታት ፑለር፣ ማለትም ክንዱን ከዘንጉ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል፤ ክንዱ ላይ የሚታሰረው ክፍል 22 ሚሊሜትር ነው። ዋናውን ብሎን ሳያወጡ፣ ሮንዴላም ካለው እሱን ረስተው ፑለር የሚያስገቡ ሰዎች የክንዱን ጥርስ ጠርገው ያወጡታል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱን የሚያላቅቀው መዶሻ ብቻ ይሆናል። ኩሽኔታው ደግሞ መዶሻ አይወድም።

ካርትሪጅ ሲገዛ ሁለት ቁጥር ይነበባል። አንዱ የፍሬሙ ቧንቧ ስፋት ነው፤ 68 ወይም 73 ሚሊሜትር፣ በማስመሪያ ይለካል። ሁለተኛው የዘንጉ ርዝመት ነው፤ 110፣ 113፣ 118፣ 122.5 እያለ ይሄዳል። በግምት አይገዛ፤ አጭር ከሆነ ማርሹ ፍሬሙን ይፍቃል፣ ረጅም ከሆነ ሰንሰለቱ ተጣምሞ ይሄዳል። አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው። ሲታሰር የቀኙ ጎን በተለመደው እንግሊዛዊ ጥርስ ወደ ግራ እየዞረ እንደሚጠብቅ አይረሳ፤ እሱን ባለማወቅ የተበላሸ ፍሬም ጥቂት አይደለም።

ባለ ቧንቧ ዘንግ፣ 24 ሚሊሜትር

ሺማኖ በ2003 እ.ኤ.አ. ኤክስቲአር በተባለው ውድ ደረጃው ይዞት የመጣው አሠራር ነው፤ ዛሬ ዲዮር ወደተባለው መካከለኛ ደረጃው ወርዶ ይገኛል። ዘንጉ ውስጡ ባዶ፣ ከቀኝ ክንድ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። የግራው ክንድ ዘንጉ ላይ ባሉት ጥርሶች ይገባና በሁለት ብሎን ይታነቃል። ሽብልቅ የለም፣ የሚከብብ ካሬም የለም፤ በካሬው ዘንግ ላይ ክንድ የሚገድለው ዋና በሽታ እዚህ አይታወቅም። ለመፍታት ባለ 5 ሚሊሜትር አለን ኪና የግራውን ክዳን የምትፈታ ትንሽ የፕላስቲክ ቁልፍ ይበቃሉ፤ ፑለርም መዶሻም አያስፈልግም። ልዩነቱ ዳገት ላይ ይሰማል፤ ሲረገጥ ብዙም አይለጠጥም።

ዕዳው ኩሽኔታው ላይ ነው። ከፍሬሙ ውጭ፣ ግራና ቀኝ በሚታሰር ካፕ (የኩሽኔታ መያዣ) ውስጥ ስለሚቀመጥ አቧራው ጎረቤቱ ነው። ላቫጆ ወስደው በግፊት ውሃ ከጎን የሚያስረጩት ሰዎች ማሸጊያውን አልፈው ግሪሱን ያጥቡታል፣ በምትኩ ጭቃ ይሞላሉ። ይህን ክራንክ የገዛ ሰው ሳይክሉን በባልዲና በብሩሽ ይጠብ። በእኛ ግምት ከክራንኩ ጋር አብሮ አንድ ጥንድ ትርፍ ካፕ መግዛት ቅንጦት አይደለም፤ ባለ 16 ጥርስ የካፕ ቁልፉም ቢጨመር ይመረጣል፣ ያለ እሱ በቧንቧ ቁልፍ ሲታገሉ አሉሚኒየሙ ይቀደዳል።

ሲገጠም የሚሳሳቱበት ሁለት ቦታ አለ። የመጀመሪያው የ2.5 ሚሊሜትር ሮንዴላዎች አደራደር ነው፦ 68 ሚሊሜትር ፍሬም ላይ ሁለት በቀኝ፣ አንድ በግራ፤ 73 ላይ አንድ በቀኝ ብቻ። ሁለተኛው የግራው ክዳን ነው። ሥራው ዘንጉ ወዲያ ወዲህ እንዳይል መያዝ ብቻ ስለሆነ ከ0.7 እስከ 1.5 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በሁለት ጣት ይጠብቃል። እሱን በኃይል ያጠበቀ ሰው ኩሽኔታውን ከጎን ጨፍልቆ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ማነቂያ ብሎኖች እየተፈራረቁ፣ ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ፣ ከ12 እስከ 14 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይሠራም፤ የመጀመሪያው መልሶ ይላላል።

ሌሎቹ

ሌላው የሳይክል ዕቃ አምራች ስራም በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደብ የተባለው አሠራር ዘንጉ 28.99 ሚሊሜትር ነው፤ የሺማኖው ካፕ አይገባበትም። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ነገር ግን መለዋወጫውን ራስዎ ካላስመጡ አይጀምሩት። ኦክታሊንክና ኢሲስ የሚባሉት የድሮ ባለ ጥርስ ዘንጎች በልባሽ ሳይክል ላይ ይመጣሉ፤ ክንዱ ደህና ቢሆንም ካርትሪጅ ፍለጋው ያደክማል። በሽብልቅ ፒን የሚታሰሩት አሮጌ የብረት ክንዶችና ከአንድ ዘንግ ታጥፈው የሚሠሩት፣ ገበያ ለገበያ ዕቃ ለሚያመላልስ ከባድ ሳይክል ይሆናሉ፤ ለማውንቴን ሳይክል አይሆኑም። ካርቦን? የመንገዱ ድንጋይ ክንዱን ሲመታው ለሚያስበው ሰው ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

የፊት ማርሹ

ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ነው። ርካሹ ክራንክ ላይ ማርሾቹ ከክንዱ ጋር በሪቬት ተመትተዋል፤ የመሃሉ ማርሽ ሲሾል ሙሉ ክራንክ ይጣላል። በብሎን የታሰሩት ግን አንድ አንድ እየተፈቱ ይቀየራሉ፤ በዋጋ ትንሽ ቢበልጡም በሁለተኛው ዓመት የሚለየው ይህ ነው። አራት ብሎን ካለው ከአንዱ ብሎን መሃል እስከ ጎረቤቱ ይለኩ፦ 73.5 ሚሊሜትር ከሆነ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ የተለመደው ባለ 104 ሚሊሜትር ነው፤ በትንሿ ማርሽ ላይ ርቀቱ 45 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ የ64 ናት። ሌላ ቁጥር ከመጣ ትርፍ ማርሽ ሳያገኙ አይግዙ።

ለአቧራ የብረት ማርሽ ከአሉሚኒየሙ በጣም ይበረክታል፤ የሚጨምረው ክብደት ብዙ አይደለም። ቀለም ተቀብቶ የማይለይ ከሆነ ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ማግኔት ኪስ ውስጥ ትኑር፤ ከያዘች ብረት ነው።

ጥርሱ ብዛትም ከጉልበት ጋር የተያያዘ ነው። ፊት 24 ኋላ 28 ሲሆን በአንድ ዙር ጎማው 0.86 ዙር ይሄዳል፤ ለደንገጎ ከባድ ነው። 22 በ34 ሲሆን 0.65፣ ባለ አንድ ማርሹ 32 በ51 ደግሞ 0.63፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ ለዳገት ሲባል ብቻ ሦስቱን ማርሽ ትቶ ወደ አንድ መሄድ አያስፈልግም፤ የፊቷ ትንሽ ማርሽና የኋላው ካሴት (የኋላ ማርሾቹ ድርድር) ከተቀየሩ በቂ ነው።

ማን የቱን ይግዛ

ድሬ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ሳቢያን ሰፈር የሚመላለስ፣ ቅዳሜና እሑድ አሸዋውን የሚሞክር ሰው ካሬ ዘንግ፣ በብሎን የታሰረ የብረት ማርሽ፣ 170 ሚሊሜትር ክንድ ይግዛ፤ ለተጨማሪ ወጪ ምክንያት የለውም። በየሳምንቱ ደንገጎን የሚወጣ፣ ከ80 ኪሎ የሚበልጥ ወይም ቆሞ የሚረግጥ ሰው 24 ሚሊሜትሩን ይግዛ፤ ትርፍ ካፑን ጨምሮ። የጀጎልን ድንጋይ ንጣፍ ለሚነዳ 175 ክንድ አይመከርም፤ 5 ሚሊሜትሯ ፔዳሉን ከድንጋይ ጋር ታገናኘዋለች።

ሱቅ ውስጥ ከመክፈል በፊት ማርሹን እያዞሩ በአንድ ዓይን ከጎን ይመልከቱ፤ ከ1 ሚሊሜትር በላይ የሚወዛወዝ ይቅር። ፔዳል የሚገባበትን ቀዳዳ በጣት ይዳስሱ፤ የግራው ተቃራኒ ስለሚዞር በግድ የተሞከረበት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ይታወቃሉ። ልባሽ ሳይክል ከሆነ ሁለቱን ክንዶች ይዘው ወደ ፍሬሙ ይግፉና ይሳቡ። አንዱ ብቻ ከተነቃነቀ ችግሩ የክንዱ ቀዳዳ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከተነቃነቁ ኩሽኔታው ነው፣ ያ በካርትሪጅ ይድናል፣ ዋጋ ማስቀነሻም ይሆናል።

አዲሱን ክራንክ በአሮጌ ሰንሰለት አይጀምሩ። አዲስ ሰንሰለት ላይ 24 ግማሽ ማያያዣ (ከፒን እስከ ቀጣዩ ፒን አንድ ግማሽ ነው) 304.8 ሚሊሜትር ይሆናል። 306.3 ሲደርስ ሰንሰለቱ ይቀየር፤ 307.8 ካለፈ አዲሱን ማርሽ ከአሮጌው ጋር አስተካክሎ ይሞርደዋል።