የጅማው የቅዳሜ ቅርጫት ኳስ ሥልጠና፦ ካልሲው 5 ኮከብ፣ ሰዓቱ 1 ኮከብ

ክረምቱ ሲቃረብ ልጄን የት ልላከው የምትሉኝ ወላጆች ስለበዛችሁ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እዚሁ ጅማ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫት ኳስ ይሠለጥናል። በወር 800 ብር እከፍላለሁ። አሠልጣኙ ወጣት ነው፣ ስሙ ይቆየን፤ ልጆቹ “ኮች” ነው የሚሉት።

የመጀመሪያው ቀን ተናድጄ ነው የተመለስኩት። ሃያ ምናምን ልጅ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲ ያወልቃል፣ ካልሲ ያጠልቃል። ኮች እየዞረ የእያንዳንዱን ልጅ ጣት በእጁ ይዳስሳል። “እዚች ጋ ተጨማዷል፣ አውልቅና እንደገና።” ተረከዙ ጋ ሲደርስ ሳብ አድርጎ በመዳፉ ያስተካክለዋል። ከዚያ የጫማ ክር መጣ፤ ከታችኛው ቀዳዳ ጀምሮ አንድ በአንድ ማጥበቅ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቴ መቋጠር። አርባ ደቂቃ ሙሉ ኳስ የነካ ልጅ የለም። እኔ ዳር ቆሜ “ይኼንን እናቱ በነፃ ታሳየው የለም እንዴ?” እላለሁ በሆዴ።

ሲያልቅ ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። “ጋሼ፣ የተጨማደደ ካልሲ እግር ውኃ ያስቋጥራል። እግሩ ውኃ የቋጠረ ልጅ ደግሞ አይሮጥም” አለኝና ስልኩን አውጥቶ የአንድ መነጽራም ሽማግሌ ፎቶ አሳየኝ። ጆን ውደን ይባላል፣ አሜሪካዊ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ። ለካ የካልሲው ትምህርት የሱ ነው። በየዓመቱ ልምምድ ሲጀመር፣ ነገ ኮከብ ለሚሆኑት ጎረምሶች ሳይቀር፣ ካልሲ አጠላለቅ ያሳይ ነበር።

ማታ ስለ ሰውየው ሳነብ አመሸሁ፣ እውነቴን ነው ቡናዬ ቀዘቀዘ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በ1910 ኢንዲያና ተወልዶ እርሻ ላይ ያደገ ሰው ነው። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ኮከብ ተጫዋች ነበር። ከዚያ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ጎን ለጎን ማሠልጠን ጀመረ፤ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል። በ1947 ኢንዲያና ስቴት የሚባል ኮሌጅ አሠልጣኝ ሳለ ቡድኑ አገር አቀፍ ውድድር ተጠራ፣ ግን ጥቁር ተጫዋች አይገባም ተባለ። ክላረንስ ዎከር የሚባል ጥቁር ተጫዋች ነበረው። እሱን ትቶ ከመሄድ ግብዣውን መለሰው። በዓመቱ ክልከላው ሲነሣ ዎከርን ይዞ ሄደና ፍጻሜ ደረሱ።

ወደ ዩሲኤልኤ (ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) የሄደበት ታሪክ ደግሞ ያስቃል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን ስልክ እየጠበቀ የበረዶ ውሽንፍር መስመሩን ቆረጠው። ዩሲኤልኤ ቀድሞ ደወለ፣ እሺ አለ። ቆይቶ ሚኒሶታ ሲገኝ ቃል ሰጥቻለሁ ብሎ ቀረ። እኛ ጋ “ኔትወርክ እምቢ አለ” ሰበብ ነው፤ ለሱ ግን የ27 ዓመት እንጀራ ሆነለት።

ልቤን የነካኝ ግን ይኼ ነው። ዩሲኤልኤ በ1948 ገብቶ የመጀመሪያውን የኮሌጆች ዋንጫ ያገኘው በ1964፣ በ16ኛው የውድድር ዘመኑ ነው። እኛ ጅማዎች የእግር ኳስ ቡድናችን አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ በገባበት ዓመት ዋንጫውን ይዞልን ሲመጣ አይተናል፣ ስለዚህ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብንም። እኔም በሦስተኛው ሳምንት “ግጥሚያ የለም እንዴ?” ብያለሁ፣ አልዋሽም። ሰውየው ከ1964 ጀምሮ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ዋንጫ በላ። 7ቱ በተከታታይ ናቸው። 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በ1974 ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ነጥብ፣ 71 ለ 70 አስቆመው። በኋላ በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ኮከብ የሆኑት ካሪም አብዱል ጀባርና ቢል ዋልተን እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች ናቸው።

ወደ ኮቻችን ልመለስ። ካልሲው ሠርቷል። ልጄ እስካሁን አንድ ቀን እግሬን አላለም፤ ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲለብስ ሳይቀር ካልሲውን ይዳስሳል። ኮች ልጅ አይሳደብም። ሌላው ዳር የሚያሠለጥን ሰው ስድቡ እስከ መንገድ ይሰማል። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሌሊት ከዘነበ ሜዳው ኩሬ ነው። ኮች ሱሪውን ጠቅልሎ ራሱ በመጥረጊያ ያደርቀዋል። ይኼም የውደን ነው። እዚያ ካሊፎርኒያ ጂሙን ከትግልና ከጂምናስቲክ ልጆች ጋር እየተጋፋ ሲሠራ ወለሉን ራሱ ያጸዳ ነበር።

ኳስ ግን አራት ብቻ ነው ያለው፣ አንዷም ነፋስ አትይዝም። ሃያ ምናምን ልጅ ለአራት ኳስ መሰለፍ ይሰለቻል። የከፈልነው 800 ብር አንዲት ኳስ መግዛት ያቅተዋል?

ሰዓት ደግሞ፣ ወይ ሰዓት! 2 ሰዓት የተባለው 2 ተኩል ይሆናል፣ አንዳንዴም ሩብ ጉዳይ ለ3። ያ ስልኩ ላይ ያለው ሽማግሌ እኮ እያንዳንዱን ልምምድ ደቂቃ በደቂቃ በካርድ ጽፎ ነበር የሚገባው። ሕጎቹም ሦስት ነበሩ፦ አትሳደብ፣ የቡድን ጓደኛህን አትንቀፍ፣ አታርፍድ። የኛ ኮች ሁለቱን ይዞ ሦስተኛውን ቤቱ ረስቶት ይመጣል።

ለነገሩ ልጄን አላስወጣሁትም፣ ለክረምቱም ከፍያለሁ። የምትመዘግቡ ካላችሁ ሁለት ጥንድ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ግዙ፣ ስስ ናይሎኑን ኮች ያስወልቃል። ኳስ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ።

ያለፈው ቅዳሜ እንደለመደው ዘግይቶ ሲመጣ “ውደን ቢሆን ዛሬ ምን ይልህ ነበር?” አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። “ጋሼ፣ እሱ እኮ ባጃጅ አይጠብቅም።”